ራቁቱን የተላከ መድኃኒት፦ ካላዛር፣ ሊፖሶምና ፖሊመር በኢትዮጵያ

በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ገበሬዎችና ልጆቻቸው በማይለቅ ትኩሳት ይማቅቁ ነበር። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደም። ሰውነታቸው እየከሳ ሆዳቸው ተነፋ፤ በግራ ጎናቸው ጣፊያቸው በእጅ እስኪዳሰስ አበጠ። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ገብቷል ተብሎ ተጠረጠረ። በግንቦት ወር የተደረገው ምርመራ ግን ሌላ ነገር አመጣ፤ በሽታው ካላዛር ነበር።

ለደጋው ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ካላዛር እስከዚያ ድረስ በብዛት የሚታወቀው በመተማና በሁመራ ቆላ፣ በደቡብ ደግሞ በኦሞ ሸለቆ ነበር። ሊቦ ከምከም ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ የእርሻ አገር ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአካባቢው ብቸኛ የሆነውን የካላዛር ሕክምና ማዕከል ከፍቶ ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ያከማቸው መዝገብ የወረርሽኙን መልክ ያሳያል። የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር፤ ከ4ቱ 3 ያህሉ ወንዶች ነበሩ። ሕክምና ላይ ከደረሱት ከ100 ሰው 4ቱ ሞተዋል። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የሞት ዕድሉ ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት በ5 እጥፍ ከፍ ያለ ነበር።

የዚህ በሽታ መድኃኒት ታሪክ ከሳይንስ ታሪክ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ጋር የተጋመደ ነው። መድኃኒትን ለዓይን በማይታይ የቅባት ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ወደ ሰውነት የመላክ ጥበብ፣ ከረጢቱንም በፖሊመር አልብሶ ጠባዩን የመለወጥ ጥበብ፣ ከዓለም ላቦራቶሪዎች ተነስቶ እስከ ጎንደርና እስከ ቆላማዋ አብደራፊ ደርሷል። በመንገዱ ላይ የተገኘው ትምህርት ደግሞ ካንሰርን ለማከም ታላቅ እመርታ የሆነው የፖሊመር ልብስ ለካላዛር የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ካላዛር ራቁቱን የሚላክ ከረጢት ይፈልጋል። ምክንያቱን ለማየት ከበሽታው መጀመር ይሻላል።

ካላዛርን የሚያመጣው ሊሽማንያ ዶኖቫኒ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋናው አሻጋሪ ፍሌቦቶመስ ኦሬንታሊስ የተባለው ዝርያ ነው። ለዚህ ዝንብ የሚመቸው የዋልካ አፈር ስንጥቅና የግራር ዛፍ ጥላ ነው። ከደጋ ወርደው በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ እርሻ ላይ የሚሠሩ ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኞች የሚያድሩት እዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ፣ ያለ አጎበር፣ ከሥራ ደክመው ይተኛሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሁመራ ሰፋፊ እርሻዎች ሲስፋፉ በሽታውም አብሯቸው ተስፋፋ። ሠራተኛው ወደ ደጋ አገሩ ሲመለስ ጥገኛውን በደሙ ይዞ ይመለሳል።

ወሳኙ ነገር ጥገኛው በሰውነት ውስጥ የሚያድርበት ቦታ ነው። ሊሽማንያ የሚኖረው ጀርም ሊውጡና ሊፈጩ በተሠሩት ሕዋሳት፣ በማክሮፌጆች ውስጥ ነው። ማክሮፌጁ ይውጠዋል፤ ሊፈጨው ግን አይችልም። ጥገኛው እዚያው ተራብቶ ሕዋሱን ይሰብርና ወደ ሌላው ይሻገራል። ማክሮፌጆች በብዛት የሚገኙት በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ስለሆነ ጣፊያው ያብጣል፣ መቅኔው ደም ማምረት ያቅተዋል፣ በሽተኛው ደሙ ያንሳል፣ ሌላ በሽታ የመመከት አቅሙም ይወድቃል። ሳይታከም የቀረ ካላዛር በአብዛኛው ይገድላል።

የጥገኛውን ማንነት የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1903 ሁለት ሐኪሞች፣ ዊሊያም ሊሽማንና ቻርለስ ዶኖቫን ናቸው። በ1920ዎቹ ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ በካልካታ ዩሪያ ስቲባሚን የተባለ የአንቲሞኒ ውሕድ ሠርቶ የብዙ ሕንዳውያንን ሕይወት አተረፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ የአንቲሞኒ ውሕድ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ ለአስርት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ዋና መድኃኒት ሆኖ ቆየ። ሕክምናው 30 ቀን በየዕለቱ መርፌ መወጋት ነበር። አንቲሞኒ ከባድ ብረት ነውና ልብንና ቆሽትን ይጎዳል፤ ኤች.አይ.ቪ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ደግሞ ብዙዎች በሕክምናው መካከል ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሁመራ አካባቢ ከካላዛር ታካሚዎች ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ሌላ መድኃኒት መፈለግ ግድ ሆነ።

ሌላው መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የስኩዊብ ኩባንያ ተመራማሪዎች በቬኔዙዌላ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከመጣ አፈር ውስጥ ካገኙት ባክቴሪያ ያወጡት የፈንገስ መድኃኒት ነው። የሚሠራው በሕዋስ ቆዳ ላይ ያለ ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት ላይ ተጣብቆ ቆዳውን በመብሳት ነው። ፈንገስም ሊሽማንያም ኤርጎስቴሮል አላቸው፤ የሰው ሕዋስ በምትኩ ኮሌስትሮል አለው። ልዩነቱ ግን ሰውን ሙሉ በሙሉ ለማዳን አይበቃም። መድኃኒቱ ለብቻው በደም ሥር ሲሰጥ ታካሚው በብርድና በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ ኩላሊቱም ይጎዳል። ጥገኛውን የሚገድለው መጠን ለሰውም አደገኛ ነበር።

መድኃኒቱን ከኩላሊት አርቆ ወደ ማክሮፌጅ የሚያደርስ ነገር ተፈለገ። ያ ነገር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኬምብሪጅ አቅራቢያ በሚገኘው ባብራሃም ላቦራቶሪ ነበረ። አሌክ ባንጋም የተባለ እንግሊዛዊ ፎስፎሊፒድን ውኃ ውስጥ ጨምሮ ከሮበርት ሆርን ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከተው። ፎስፎሊፒድ አንድ ጫፉ ውኃን የሚወድ፣ ሌላው ጫፉ ውኃን የሚሸሽ ቅባት ነው። ውኃ ሲያገኝ ራሱን በሁለት ረድፍ አሰልፎ ክብ ከረጢት ይሠራል፤ በመካከሉም ውኃ ይይዛል። የእኛም ሕዋሳት ቆዳ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ከረጢት ሊፖሶም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባንጋምና ባልደረቦቹ ከረጢቶቹ በውስጣቸው የያዙትን ጨው በቁጥጥር እንደሚያሳልፉ አሳተሙ። ውኃ የሚወድ መድኃኒት በመሐሉ ውኃ ውስጥ፣ ቅባት የሚወድ መድኃኒት ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ሊቀመጥ እንደሚችል ግልጽ ሆነ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሪካዊው ግሪጎሪ ግሪጎሪያዲስ በለንደን ሊፖሶምን የመድኃኒት ማጓጓዣ ለማድረግ ተነሣ። ብዙዎች ተከተሉት። ዋናው ተስፋ ካንሰር ነበር፤ መድኃኒቱ በሊፖሶም ተሸክሞ ዕጢው ድረስ ቢሄድ ጤናማው አካል ይተርፋል። ተስፋው ግን በጉበትና በጣፊያ ላይ ተሰናከለ። ሊፖሶሙ ደም ውስጥ እንደገባ የደም ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል፤ ማክሮፌጆች ይህን ምልክት ለይተው በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ይውጡታል። የካንሰር ተመራማሪው መድኃኒት ዕጢው ጋር ሳይደርስ ጣፊያ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ለካንሰር ሐኪም ሽንፈት የሆነ ነገር ለካላዛር ሐኪም የሚፈለገው መንገድ ነበር። ጥገኛው የተደበቀው በዚያው ጉበትና ጣፊያ፣ በዚያው ማክሮፌጅ ውስጥ ነው። ሊፖሶሙን የሚውጠው ሕዋስ ጥገኛውን የያዘው ሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ይህን በእንስሳት ላይ አሳዩ። ከእነሱ አንዱ በሊቨርፑል የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የነበረው የሮጀር ኒውና የባልደረቦቹ ቡድን ነው። ሌላው በአሜሪካ የዋልተር ሪድ ጦር ምርምር ተቋም የካርል አልቪንግ ቡድን ሲሆን፣ በሊፖሶም የገባው አንቲሞኒ ብቻውን ከተሰጠው ከ700 እጥፍ በላይ ጥገኛን የመግደል ኃይል እንዳለው ዘገበ። የሊፖሶም መድኃኒት ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ብሩህ ውጤቶች አንዱ የመጣው ድሆችን ከሚያጠቃ በሽታ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ሊፖሶሙን ራቁቱን ትቶ ለማክሮፌጅ ይልካል። ሁለተኛው ሊፖሶሙን ከማክሮፌጅ ለመሰወር ይለፋል። ፖሊመር የገባው በሁለተኛው መንገድ ነው።

ፖሊመር ማለት ትናንሽ ተመሳሳይ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕላስቲክ፣ ላስቲክ፣ ስታርችና ፕሮቲን ሁሉም ፖሊመሮች ናቸው። በመድኃኒት ሥራ ስሙ የገነነው ፖሊኢትሊን ግላይኮል ወይም በአጭሩ ፔግ ነው፤ ውኃን አጥብቆ የሚወድ፣ ኤሌክትሪክ ሙላት የሌለው ሰንሰለት። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ዴቪስና አብርሃም አቡቾቭስኪ ፔግን በፕሮቲን ላይ አጣብቀው ፕሮቲኑ በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ደግሞ የተለያዩ ቡድኖች ፔግን በፎስፎሊፒድ ጫፍ ላይ አስረው በሊፖሶም ግድግዳ ላይ ተከሉት። ሰንሰለቶቹ ውኃ ጠጥተው ሊፖሶሙን እንደ ጋቢ ይከናነቡታል፤ የደም ፕሮቲኖች ወደ ቅባቱ ተጠግተው መለጠፍ ይቸግራቸዋል፣ ማክሮፌጁም ምልክቱን አያገኝም።

የፔግ ልብስ የሊፖሶምን ጠባይ በብዙ መንገድ ይለውጣል፤ ለውጡም እንደ ሰንሰለቱ ርዝመትና እንደ ብዛቱ ይለያያል። ጥቂት ሰንሰለት ብቻ ሲጨመር እያንዳንዱ ለብቻው ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይተርፋል። ሲበዙ እርስ በርስ ተገፋፍተው ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ ሽፋኑም ወፍራምና የተሟላ ይሆናል። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ግን ፔግ የያዙት ቅባቶች ግድግዳውን ያናጉታል፤ ከረጢቱ ወደ ትናንሽ ቅንጣቶች ተሰባብሮ መድኃኒቱ ይፈሳል። ስለዚህ በተግባር የሚጨመረው ፔግ ከጠቅላላው ቅባት 5 በመቶ አካባቢ ነው። ልብሱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሊፖሶሞቹ በብልቃጥ ውስጥ ተጣብቀው እንዳይጓጉሉ ያራርቃቸዋል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ፍሬ ዶክሲል ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ዬሔዝኬል ባረንሆልዝና የሐዳሳ ሆስፒታሉ አልቤርቶ ጋቢዞን ከአንድ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ጋር ሠርተው ዶክሶሩቢሲን የተባለውን ቀይ የካንሰር መድኃኒት በፔግ ለበስ ሊፖሶም ውስጥ አጨቁት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1995 ፈቀደው። የመጀመሪያ ፈቃዱ ኤድስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሚወጣው ካፖሲ ሳርኮማ ነበር። የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ2 ቀን በላይ ይወስድበታል። ይህን ያህል ሲዞር የዕጢ ደም ሥሮች ስንጥቅ ባለበት እየሾለከ ዕጢው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልብን የሚጎዳው የዶክሶሩቢሲን መርዝነትም ይቀንሳል። በሌላ በኩል ረጅም ዑደቱ መድኃኒቱን ወደ ቆዳም ይወስዳል፤ አንዳንድ ታካሚዎች መዳፋቸውና የእግራቸው ውስጥ ይቀላል፣ ይላጣል። ጠባይ ሲለወጥ ጥቅምም ጉዳትም አብሮ ይለወጣል።

ፔግ ሁልጊዜ የተሰወረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በኔዘርላንድስ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፔግ የለበሰ ሊፖሶም የተሰጠው እንስሳ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ሲሰጠው ሁለተኛው ከደም በፍጥነት ይጠፋል። ሰውነት በመጀመሪያው ጊዜ ፔግን የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቷል። በኮቪድ 19 ወቅት የተሠሩት የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶችም በቅባት ቅንጣቶቻቸው ላይ ፔግ ያላቸው ቅባቶችን ይይዛሉ፤ በዚህም ፖሊመሩ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ገብቷል።

ሌሎች ፖሊመሮችም የየራሳቸውን ጠባይ ያመጣሉ። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣው ኪቶሳን አዎንታዊ ሙላት ስላለው አሉታዊ ሙላት ያለው የአፍንጫ፣ የዓይንና የአንጀት ልባስ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሊፖሶሙ ከዚያ ቦታ ቶሎ ታጥቦ አይሄድም። የሙቀት መጠን ሲለወጥ የሚጨማተሩ ፖሊመሮች ደግሞ ከረጢቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ መድኃኒቱን እንዲለቅ ያደርጉታል። የአሲድ መጠን ሲለወጥ ቅርጻቸውን የሚለውጡም አሉ። ሁሉም የሚመረጡት መድኃኒቱ የት እንዲደርስና መቼ እንዲለቀቅ እንደተፈለገ ታይቶ ነው።

ወደ ካላዛር ስንመለስ፣ አሸናፊው ሊፖሶም ከዚህ ሁሉ ልብስ አንዱንም አልለበሰም። አምቢዞም ይባላል። ግድግዳው ከአኩሪ አተር ከሚገኝ ፎስፎሊፒድ፣ አሉታዊ ሙላት ካለው ሌላ ፎስፎሊፒድና ከኮሌስትሮል የተሠራ ነው፤ አምፎቴሪሲን ቢ በግድግዳው ውስጥ ተሰክቷል። ስፋቱ ከ100 ናኖሜትር በታች ሲሆን፣ ይህም ከሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ ያነሰ ማለት ነው። ትንሽነቱና የግድግዳው ጥንካሬ መድኃኒቱን መንገድ ላይ እንዳይፈስ ይይዙታል፤ ኩላሊት ላይ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የጣፊያ፣ የጉበትና የመቅኔ ማክሮፌጆች ሲውጡት ግን አምፎቴሪሲኑ ጥገኛው አጠገብ ይለቀቃል። እዚህ ላይ ፔግ ቢጨመር ከሚፈለገው ሕዋስ መሰወሪያ ይሆን ነበር። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ለፈንገስ በሽታ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1997 ለካላዛርም ጭምር ተፈቀደ።

በሕክምና ክፍል ውስጥ ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። መድኃኒቱ 50 ሚሊግራም የያዘ ደረቅ ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል። ነርሷ 12 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ ትጨምርና ብልቃጡን 30 ሰከንድ አጥብቃ ትንጣለች፤ በማጣሪያ አሳልፋ በ5 በመቶ ግሉኮስ ትበርዘዋለች። በጨው ውኃ መበረዝ ክልክል ነው፤ ሊፖሶሙ ይጓጉላል። የተዘጋው ብልቃጥ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይነካው መቀመጥ አለበት። መተማና ሁመራ በበጋ 40 ዲግሪ የሚያልፍ አገር ነውና፣ መድኃኒቱን እዚያ ማቆየት ማለት መብራት፣ ማቀዝቀዣና መጠባበቂያ ጄነሬተር ማቆየት ማለት ነው።

ዋጋውም ከብዶ ቆይቷል። አንድ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ በጠቅላላው 40 ሚሊግራም ከተሰጠው 40 ብልቃጥ ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአምራቹ ጊሊያድ ጋር ተደራድሮ ለድሃ አገሮች አንዱ ብልቃጥ በ18 ዶላር ገደማ እንዲሸጥ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኩባንያው 445,000 ብልቃጦችን በነጻ ለመስጠት ተስማማ። በ2016 ተጨማሪ 380,000 ብልቃጥ ተፈቀደ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሰጠው አምቢዞም በብዛት በዚህ መንገድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የሕንዱ ሰን ፋርማ ተመሳሳዩን መድኃኒት ለመሸጥ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ አቅርቦቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የዚህ ሕክምና ቤት የሆነው ጎንደር ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የተቋቋመው በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው ዲ.ኤን.ዲ.አይ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ደገፈው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ከአገሪቱ ቀደምት የካላዛር ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው። የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በካርቱም ሊፕ የተባለውን የምሥራቅ አፍሪካ የሊሽማንያሲስ መድረክ መሠረቱ። ከዚህ ሥራ የወጣው የመጀመሪያ ትልቅ ለውጥ ስቲቦግሉኮኔትን ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር አድርጎ የ30 ቀኑን ሕክምና ወደ 17 ቀን ማሳጠሩ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሻሻለው መመሪያ ይህ ጥምረት ለአብዛኛው ታካሚ የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ፤ አምቢዞም ደግሞ በጽኑ ለታመሙት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአዛውንቶችና ኤች.አይ.ቪ ላለባቸው ተመደበ።

አምቢዞም በምሥራቅ አፍሪካ እንደ ሕንድ ቀላል ድል አላገኘም። በሕንድ ቢሃር ሻያም ሱንዳርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ በኪሎ 10 ሚሊግራም የተሰጣቸው ታካሚዎች ከ100 ወደ 96 የሚጠጉት ድነዋል። ይኸው አንድ መጠን በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሱዳኗ ካሳብ ተሞከረ፤ በ2014 የታተመው ውጤት ከ100 ታካሚ 58ቱ ብቻ እንደዳኑ አሳየ። 3 ሚሊግራም በኪሎ 7 ጊዜ የተሰጣቸው ከ100 85 ድነዋል። ሙከራው ውጤቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀድሞ ቆመ። አንድ ዓይነት ከረጢት፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ ግን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ታካሚ ከቢሃሩ የበለጠ መጠን ይፈልጋል።

ኤች.አይ.ቪ ባለባቸው ላይ ችግሩ ይበረታል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በሁመራና በአብደራፊ ያከማቸው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም፣ ኤች.አይ.ቪ የሌለባቸው በጽኑ የታመሙ ሰዎች ከ100 ከ90 በላይ በአምቢዞም ሲድኑ፣ ኤች.አይ.ቪ ያለባቸው ግን ወደ 60 ገደማ ብቻ መዳናቸውን አሳየ። ምክንያቱ ከሕክምናው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ሊፖሶሙ መድኃኒቱን ማክሮፌጁ ድረስ ያደርሳል፤ የመጨረሻውን ጥገኛ የሚጠራርገው ግን የሰውነቱ ራሱ መከላከያ ነው። መከላከያው ሲደክም ጥገኛው ከተደበቀበት እየወጣ ይመለሳል።

የአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው።  በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1970 አጠገቡ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም እንደ ሊሽማንያ ማክሮፌጅ ውስጥ የሚያድር ነው።

አለርት ዛሬ የሊሽማንያን ሌላ ገጽታ፣ የቆዳውን ዓይነት ያክማል። የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ቁንጭር ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ብሬይ፣ ሪቻርድ አሽፎርድና አብሯቸው የሠሩ ተመራማሪ የበሽታው ምክንያት የኢትዮጵያ ደጋ ጥገኛ መሆኑን ገለጹ፤ ሊሽማንያ ኢትዮፒካ ተባለ። ማደሪያው ሽኮኮ ነው። አንዳንዱ ቁስል ለዓመታት ይቆያል፤ አፍንጫንና ከንፈርን ያበላሻል፣ በሰውነት ሁሉ የሚሰራጭም አለ። ለዚህ የሚሰጠው ሕክምና ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ አንቲሞኒ፣ በፈሳሽ ናይትሮጂን ማቀዝቀዝና በአፍ የሚወሰድ ሚልቴፎሲን ነው።

የፖሊመር ጥያቄ የኢትዮጵያን ሕመም በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የቁንጭር ጥገኛ ያለው ቆዳ ውስጥ ነው፤ ጣፊያ የሚውጠው ሊፖሶም እዚያ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደን የሐይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ባሳተሙት ሥራ አምቢዞም ከጤናማው ቆዳ ይልቅ በተቆጣው ቆዳ ውስጥ በብዛት እንደሚጠራቀም አሳይተዋል። በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚዞር ከረጢት፣ ቆዳ ላይ ተቀብቶ የሚጣበቅ የኪቶሳን ወይም የሌላ ፖሊመር ጄል፣ ለካላዛር የማያስፈልጉ ጠባዮች ለቁንጭር ሊፈለጉ ይችላሉ። በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉ ወጣት ተመራማሪዎች ጥያቄውን ከዚህ ቢያነሱት፣ በምድራቸው የሚኖረውን ጥገኛና በሆስፒታላቸው ያለውን ታካሚ ይዘው ይነሣሉ።

ኤች.አይ.ቪ ያለባቸው የካላዛር ታካሚዎች እንዴት ይታከሙ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አግኝቷል፤ መልሱም የመጣው ከጎንደርና ከአብደራፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ዶክተር ኤርሚያስ ዲሮና ባልደረቦቹ ኤች.አይ.ቪ ያለባቸውን 58 የካላዛር ታካሚዎች በሁለት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን አምቢዞም ብቻ ወሰደ፤ ሌላው አምቢዞምን ከሚልቴፎሲን ጋር ወሰደ። ጥገኛው ካልጠፋ ሕክምናው ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ ሁለቱን በአንድነት የወሰዱት ከ100 88 ያህሉ ጥገኛው ሲጠፋላቸው፣ አምቢዞም ብቻ የወሰዱት 55 ያህሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ ለምሥራቅ አፍሪካ ኤች.አይ.ቪ ያለባቸው የካላዛር ታካሚዎች የሚሰጠው ሕክምና ይህ ጥምረት ሆነ፤ አምቢዞም በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛው፣ በ9ኛውና በ11ኛው ቀን፣ በየጊዜው በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ሚልቴፎሲን ደግሞ በአፍ ለ28 ቀን። ሰሊጥ ሊያጭዱ ወርደው ታመው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ከሰጡት ደምና የጣፊያ ናሙና የተገኘው መረጃ ዛሬ ከኢትዮጵያ ድንበር አልፎ በመላው ምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያሉ ታካሚዎች የሚታከሙበት መመሪያ ሆኗል።